በሚስ ኢና ስም የጠቀለልኳቸው ትሪዎች

ሚስ ኢናን ሳውቃቸው ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ሃምሳ ሁለት። ዕድሜያቸውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ የጎማ ጓንታቸውን እያጠለቁ።

«ሃምሳ ሁለት ነኝ። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ሦስቱ የሆዴ ናቸው፣ ሁለቱ የእህቴ። አሁን ያንቺን ንገሪኝና ሥራ እንጀምር» አሉኝ።

ሴት ልጅ ዕድሜዋን እንደ ስሟ ፊት ለፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ክው አልኩ። እንደ ምንም «ሠላሳ አራት» አልኩ፤ ልጆቼን ግን መቁጠር ረሳሁ።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ሁልጊዜ የምታወሪውን ጻፊው እስቲ» ብለው ደብተር ገዙልኝ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ከሰው አፍ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከቆሻሻ መቀስ ነው። ሶ፣ አጻጻፌ እንደ አወራሬ ቢሆን ይቅር በሉኝ።

ሥራዬን ስናገር ሰው ግር ይለዋል። ሐኪሙ ቀዶ ከጨረሰ በኋላ መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ መጋዙ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። ወደ ምድር ቤት ነው የሚሄደው፣ ወደ እኛ። እኛ ነን የምናጥበው፣ የምንፈትሸው፣ በትሪ ደርድረን፣ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለን፣ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ምድጃ ቀቅለን መልሰን የምንልከው። ቤተ ክርስቲያን አንዷ ሴት «ትርንጎ ምን ትሠራለች?» ስትል ሌላዋ «ሆስፒታል» ትላለች። «ውይ፣ ነርስ ናት?» «አይ፣ እቃ አጣቢ።» እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ውሸት አይደለማ።

ደግሞ እቃ ማጠብ ለኔ አዲስ አልነበረም። አሜሪካ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርት ማጽዳት ነበር፤ ከዚያ አዲሰን በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ሦስት ዓመት ሳህን አጠብኩ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ክፉም ደግም አልነበረም፤ ሁሌ «ውሃው ካላቃጠለሽ አልታጠበም» ይላል። በኋላ ስለ ሆስፒታሉ ሥራ ሰማሁ፤ በሰዓት የሚከፈለው ጥቂት ከፍ ይላል። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መሃል ያለ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቅር። የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ዴል ረጅም የቴክሳስ ሰው ነው፤ ክረምት ከበጋ ቡትስ የሚጫማ፣ ሻይ በበረዶ የሚጠጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰው ሳያይሽም እጅሽን ትታጠቢያለሽ?»

«እታጠባለሁ።»

«ኦኬ። ሚስ ኢና ጋ ሂጂ።»

ሚስ ኢና ሴንት ቪንሰንት ከምትባል የካሪቢያን ደሴት ናቸው። ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበርና በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ካርታ አስወጣሁ። የዝንብ ኩስ ታክላለች። በውስጧ እሳተ ገሞራ አለ። እንዲህ ባለች ነጥብ ላይ እሳተ ገሞራና ሰው እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማወቅ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። በሥራ ሰዓት መቀሱን እያጠብኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው መልሱን በሁለት ቃል ይሰጡኝና ወዲያው «ያ መቀስ ግን ማጠፊያው ጋ አልታጠበም» ይሉኛል። አንድ ጊዜ እንኳን ተሳስተው አላውቅም። ማለቴ፣ ያኔ።

ክፍላችን ሁለት ነው፣ ቆሻሻውና ንጹሑ። በመሃል ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ውስጥ በዚህ በኩል ደም የነካው ገብቶ በዚያ በኩል ታጥቦ የሚወጣበት ማሽን ተቀብሯል። ብዙ ሰው ማሽኑን ያምናል። ሚስ ኢና አያምኑም። እያንዳንዱን መቀስ ስስ ላስቲክ ያስቆርጡታል፤ ጫፉ ላይ ከተነከሰ ወደ ጥገና ይጥሉታል። መቆንጠጫውን ገጥመው ወደ መብራት ያነሡታል፤ በጥርሶቹ መሃል ብርሃን ካለፈ አይረባም። ከዚያ መቆለፊያውን በመጀመሪያው ጥርስ ብቻ ይይዙትና በመዳፋቸው ጠርዝ መታ ያደርጉታል። ዘሎ ከተከፈተ ወደኔ ዞረው «ይሄ ደም ሥር ይዞ ሳለ ቢከፈትስ?» ይላሉ። መልስ አይጠብቁም። ቱቦ የሆነ ነገር ደግሞ አለ፣ ደምና ፈሳሽ የሚመጥጥ፣ አንዳንዱ ከስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ። በዚያ ውስጥ ልክክ የሚል ብሩሽ ይገባል፤ በወዲያኛው ጫፍ መውጣት አለበት፤ የወጣው ብሩሽ ነጭ እስኪሆን ይደገማል፤ ከዚያ ውሃ ይሰደድበታል።

«ካልተጠራጠርሽ ንጹሕ ነው። ከተጠራጠርሽ ቆሻሻ ነው። መሃል የሚባል ቦታ የለም» ይሉ ነበር።

አጠቃለሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨርቁ በአራት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ነርሷ ስትፈታው እጇ ውስጡን እንዳይነካ። እኔ ግራኝ ነኝ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ግራ እጄን በነጠላ ጫፍ እያሰረች በቀኜ እንድበላና እንድጽፍ አስገድዳኛለች፤ መጠቅለል ላይ ግን ግራዬ ቀድሞ ይሄዳል። ሚስ ኢና ትንሽ አዩኝና «የግራውን ጎን አስቀድመሽ ታጥፊያለሽ» አሉ።

«ላርመው?»

«ለምን? ሁለቱም ይዘጋል። ትሪው አያማሽም።»

የመቀሱንና የመቆንጠጫውን ስም ለማጥናት ደብተር ያዝኩ። ሥዕል ያለበት ያረጀ ካታሎግ ሚስተር ዴል ሰጠኝ፤ እቤት ወስጄ ለእያንዳንዱ የአማርኛ ስም አወጣሁለት። አንዷን ቀጭን መቆንጠጫ «ትንኝ» አልኳት። በኋላ ለካስ እንግሊዝኛውም ትንኝ ነው የሚላት! የአዞ አፍ አለ፣ የአይጥ ጥርስ አለ። ሐኪሞች ሁሉ የገበሬ ልጆች ናቸው እንዴ ብዬ ሚስ ኢናን ብጠይቃቸው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ፈተና ተፈትኜ የሙያ ወረቀቴን ያገኘሁት በዚያ ደብተር ነው።

አንድ ቀን «ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?» እያልኩ ሳስቸግር ሚስተር ዴል አስፈቅዶ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ጥግ ቆሜ እንዳይ አደረገኝ። ሆዱን አላየሁም። ያየሁት ትሪዬን ነው። ነርሷ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን ትሰዳለች፣ እጇ የፈለገችው ነገር ላይ ያርፋል። ያ ቦታ እኔ ትናንት ያስቀመጥኩበት ቦታ ነው። ተመልሼ ስወርድ ሚስ ኢና «ምን አየሽ?» አሉኝ። «እጅ ሳያይ ሲያገኝ» አልኳቸው። ምሳቸውን ለሁለት ከፈሉልኝ።

ምሳቸውን ሁሌም ይከፍላሉ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም እንደማልበላ በሁለተኛው ሳምንት ደርሰውበት፣ ሳልነግራቸው፣ ሩዝ ከባቄላ ጋር በኮኮናት ወተት ቀቅለው ያመጡልኝ ጀመር። «ከላም አይደለም፣ ከዛፍ ነው፤ ቄስሽን ጠይቂ» ይላሉ። ቄሱን ጠየቅኩ። ፈቀዱ። መኪና እስክገዛም አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቤድፎርድ ካለው አፓርታማዬ እየመጡ ወስደውኛል። አፓርታማዬ ከሳቸው ቤት ወደ ሥራ ከሚወስደው መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደነበር ያወቅኩት መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ነው።

ቤታቸው ሁለት መኝታ ናት፤ ሶፋው ላይ ግን ሁሌ አንድ አዲስ ሰው ይተኛል፣ ከደሴት የመጣ፣ ሥራ የሚፈልግ ወይ ከባሏ የተጣላች። የሳሎኑ ጥግ ላይ የጠረጴዛ ልብስ የለበሰ፣ መብራት የተቀመጠበት ነገር አለ። ጠረጴዛ መስሎኝ ነበር። ልብሱን ቢገልጡት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ያ በርሜል ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተርና ጫማ ይሞላና በመርከብ ወደ ደሴታቸው ይሄዳል፤ ወዲያው ባዶው ይተካል። እንግዳ ሁሉ ሲመጣ አንድ ነገር ይጥልበታል።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለከፈተው።»

«እንዴ! ስም የለውም?»

«እህቴ ትከፍተዋለች። ከዚያ መንደሩ ይመጣል። ማን ምን እንደወሰደ አልጠይቅም፣ እንቅልፍ ያሳጣል።»

በርሜሉ ሲሞላ ሰው ይረግጠዋል፣ ቦታ እንዲተርፍ። እኔ አጭርና ቀጭን ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ «ትርንጎ፣ ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አሉኝ። ወንበር አስደገፉኝ፤ በፎጣና በሩዝ ከረጢት ላይ ቆምኩ፤ የሁለት ልጆች እናት፣ በርሜል ውስጥ! የሚስ ኢና ትልቋ ልጅ ማርቫ ያን ቀን ነበረች። ማርቫ፣ ሪቻርድሰን በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ የቴሌኮም ቢሮ ትሠራለች፤ ምላሷ ሰላ ያለ ነው።

«እማ፣ ይቺን ሴትዮ ከነነፍሷ ልትልኪያት ነው?»

«ብትደርስ እህቴን ታግዛት ነበር።»

«ዝለይ እንጂ ትሪንጎ! ቆመሽ ሩዙን ታጽናኚዋለሽ?»

ዘለልኩ። እየሳቅኩ ዘለልኩ። ማርቫ እጄን ይዛ አወጣችኝ፤ ያኔ እንወዳደድ ነበር።

እንዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ሄደ። እሳቸው ስድሳ አምስት ሞላቸው፣ እኔ አርባ ሰባት።

መጀመሪያ ያየሁት ጋሪ ነው። ሚስ ኢና በጎናቸው ከቆመ ጋሪ ጋር ተጋጩና «ማነው ይሄን እዚህ ያቆመው?» ብለው ተቆጡ። ጋሪው ግን ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ነበር። ከዚያ አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ የበሩ ጠርዝ። ፊት ለፊት ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት ያነባሉ፤ ከጎን ያለውን አያዩትም። ድካም ነው አልኩ። አንድ ቀን ከጠቀለሉት ትሪ ሁለት መቆንጠጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀርቶ አገኘሁ። ሽንት ቤት እስኪሄዱ ጠብቄ ትሪውን ፈታሁ፣ መቆንጠጫዎቹን ጨመርኩ፣ እንደገና ጠቀለልኩ።

በእኛ ሥራ የጠቀለለ ሰው ፕላስተሩ ላይ የስሙን ፊደል ይጽፋል፣ ጥፋት ቢገኝ ባለቤቱ እንዲታወቅ። የሳቸው ኢ ናት። እኔም ኢ ብዬ ጻፍኩበት።

ለምን አልነገርኳቸውም? ይሄን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። እናቴ ወጡን ጨው ያበዛችበት ቀን፣ አባቴ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ «እጅሽ ይባረክ» ሲል እያየሁ ነው ያደግኩት። ታላቅ ሰው ሲሳሳት ዝም ብለው ያስተካክሉለታል እንጂ አይነግሩትም። ደግሞ ሚስ ኢና አንድ ጊዜ «እኔ ሥራ የተውኩ ቀን ስንት ቤት እንደሚጎድል ታውቂያለሽ?» ብለውኛል። ሚስተር ዴል ቢሰማ በዚያው ቀን ያስወጣቸዋል። አፌን ያዝኩ። በየቀኑ የሳቸውን ትሪዎች ወደ ምድጃ ከመግባታቸው በፊት እየፈታሁ፣ እየፈተሽኩ፣ በስማቸው መልሼ እየጠቀለልኩ ሰባት ወር ቆየሁ። ኩራትም ነበረብኝ፤ እውነቱን ልናገር። ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

በስቅለት ኦፍ ነኝ። በየዓመቱ ያንን ቀን እጠይቃለሁ። ዋዜማውን ሐሙስ ደግሞ ለታናሹ ልጄ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ዓርብ ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ ሲወርድና ሲነሣ ልቤ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ትናንት ማን ፈተሸ? እያልኩ። ስልክ አልደወልኩም። ብደውል ምን እላለሁ?

ፋሲካን ውዬ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሚስተር ዴል ሁላችንንም ሰብስቦ ጠበቀን። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ትሪ ተደርድሯል፤ ስምንቱም ላይ ኢ ተጽፎባቸዋል። አንዱ ተፈትቷል።

ድምፁን ሳያነሣ ነገረን። ዓርብ ጠዋት የጆሮ ቀዶ ሕክምና ነበር። ታካሚዋ አስተማሪ ናት፤ ወራት ጠብቃ ያገኘችው ተራ ነው። ተኝታለች፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል፤ ነርሷ እንደ ልማዷ በቀጭኑ ቱቦ ውሃ ስትሰድድበት ቡናማ ነገር ወጣ። ያ ማለት በጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ቆሻሻ ነው። የዚያ ዓይነት ሌላ ትሪ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ገና አልታጠበም። ቱቦው ሴትዮዋን አልነካትም። ግን ሳትቀደድ ቀሰቀሷት።

«ነቅታ መጀመሪያ ያለችው ‹አለቀ?› ነው» አለ ሚስተር ዴል።

ሚስ ኢና ተነሡ። «ኢ እኔ ነኝ። ያ ትሪ የኔ ነው።» የተፈታውን ጨርቅ ዳበሱት። «አዎ፣ የኔ ነው።» ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልማድ ይሁን ሐዘን፣ ቀጥሎ ያለውን ትሪ በጣታቸው ጎን ለጎን ዳሰሱ። ቆም አሉ። እንደገና ዳሰሱ።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«ኢ ይላል እኮ» አለ ሚስተር ዴል።

«የሚለውን ተወው። ይሄ የኔ አይደለም። ይሄም አይደለም። ይሄኛው የኔ ነው። ይሄ አይደለም።» ከስምንቱ አምስቱን ወደ አንድ ጎን ገፉ። «የግራው ጎን ቀድሞ ታጥፏል።»

ወደኔ ዞሩ። እኔን ለማየት ጭንቅላታቸውን በሙሉ ማዞር ነበረባቸው፤ ያኔ ነው ምን ያህል እንደማያዩ የገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት አወጣሁት።

ሚስ ኢና ወጥተው ሲሄዱ ኮሪደር ላይ ደርሼ ያዝኳቸው። «ሚስ ኢና፣ አክብሬዎት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ወር።»

«ሰባት ወር» አሉ። «መጀመሪያ ቀን ብትነግሪኝ በሁለተኛው ቀን ሐኪም ጋ እሄድ ነበር። እኔ ደህና ነኝ ብዬ በየቀኑ ሃይዌይ ላይ ስነዳ ነበር ትርንጎ። የልጅ ልጆቼን ከኋላ ጭኜ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። «ያቺ አስተማሪ ዋዜማውን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ነው የመጣችው» ብለው ሄዱ።

ሚስተር ዴል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝና ሦስት ወር ከንጹሑ ክፍል አገደኝ። ሊያባርረኝ እንደነበረና ሚስ ኢና «አታባርራት፣ ከእንግዲህ ዝም የማትል እሷ ናት» እንዳሉት የሰማሁት ቆይቶ ነው። እሳቸው በዚያው ሳምንት ሥራ ለቀቁ። ዓይን ሐኪም ጋ የወሰደቻቸው ማርቫ ነበረች። የሚለብሱትን ጋውን፣ ጫማና ከመሳቢያው ያለውን ልትሰበስብ ስትመጣ ፓርኪንግ ላይ አገኘኋት።

«ግላኮማ ነው» አለች። «ከጎን ከጎን ይበላል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ሰባት ወር ቀደም ብላ ብትመጣ ብዙ ይተርፍላት እንደነበረ ሐኪሙ ነግሮኛል። እንድታውቂው ነው።»

«ማርቫ—»

«እንድታውቂው ነው አልኩሽ» አለችና መኪናዋን አስነሣች።

ሥራዬን ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ሠራሁ። ሚስተር ዴል ጡረታ ወጣ፤ በቦታው ኮምፒውተሯን የማትለቅ ወጣት ሴት መጣች፤ ትሪውም ሰውም በባርኮድ ሆነ። ቱቦ ውስጥ የሚገባ የፀጉር ያህል የቀጠነ ካሜራም ተገዛ። መጀመሪያ ሳየው ልጅ ሆንኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት በብሩሽ ብቻ የማውቀውን ዋሻ በዓይኔ አየሁት፤ የብረቱ ግድግዳ ላይ ጭረት አለ፣ ዝገት አለ፣ አንዳንዴ ከብሩሹ የተነቀለች አንዲት ፀጉር። ወጣቷ አለቃ «ትሪንጎ፣ ሲኒማ አይደለም እኮ» ትለኛለች። እኔ ግን ሲኒማ ነበር። የአዲስ ሠራተኛ አስተማሪ አደረጉኝና፣ ይሄን የሰባት ወር ታሪክ ሳልነግረው ትሪ ያስነካሁት ሰው የለም። አንዳንዱ ያፍርልኛል። ይፈር።

ሚስ ኢና ደግሞ ሥራ በለቀቁ በአምስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ቅዳሜ ነይ» አሉ። «በርሜል የሚረግጥ ሰው አጣሁ።»

ሄድኩ። አዲሰን ያለው የማርቫ ቤት ገብተው ነበር፤ በርሜሉም አብሯቸው ገብቷል። ይቅርታ አልኳቸው፤ «አንድ ጊዜ ብለሻል፣ በቃ፣ ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬ የሳቸው ነው። በርሜሉን አሁን በእጃቸው ነው የሚደረድሩት፤ ሳሙናውን ከሩዙ አርቀው፣ ሽታው እንዳይገባበት፤ በየክፍተቱ ካልሲ እየጎሰጎሱ። ማርቫ በሩን ትከፍትልኛለች፣ «እናቴ ሳሎን ናት» ትለኛለች፣ ወደ ላይ ትወጣለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሌላ አልሰማሁም። አልፈርድባትም። በየጠዋቱ የእናቷን ዓይን የምታየው እሷ ናት።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ የጠብታቸው ሰዓት ደረሰ። ራሳቸው ናቸው የሚያደርጉት፤ ማንም እንዲነካቸው አይወዱም። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ጠብ አደረጉ። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ሁለተኛውም ጉንጫቸው ላይ ወረደ። በመሐረብ ጠረጉትና ክዳኑን ዘጉ።

«ሚስ ኢና፣ አልገባም።»

«ገብቷል።»

«ጉንጭዎ ላይ ነው የወረደው። አየሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እጄን ፈልገው ያዙኝ። «ለማርቫ አትንገሪያት። ከሰማች ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች። አውቃታለሁ፣ የኔ ልጅ ናት። እስቲ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ በደንብ አድርጊልኝ፣ ሌላውን ቀን እኔ እሞክራለሁ። በኛ መሃል ይቅር።»

እጃቸው ሞቃት ነው። አንድ ጊዜ እንኳን ለራሳቸው ለምነውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው። የቀረቻቸው ብርሃን ከፊት ለፊት ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ በዚያች ቀዳዳ ፊቴን ያዩኛል። ምላሴ «እሺ» ልትል ደርሳ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጥርሴ ላይ ደርሳለች።

ተነሣሁና ደረጃው ሥር ቆሜ «ማርቫ!» ብዬ ተጣራሁ።

«ትርንጎ!» አሉ ሚስ ኢና ከኋላዬ።

«ማርቫ፣ ነይ ውረጂ፣ እባክሽ።»

ወረደች። በእናቷ ፊት ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠብታው የት እንደወረደ፣ እጃቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንዳልነግራት እንደለመኑኝ ጭምር። ሚስ ኢና «ወሬኛ!» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማርቫ ጠርሙሱን አንሥታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«አሁን። አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች።

ሰኞ ጠዋት ማርቫ ስልክ ደወለችና ነይ ብላ ጠራችኝ። እናቷን ሶፋው ላይ አስደግፋ፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን በጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ፣ ጠብታው የት ጋ እንደሚያርፍ አሳየችኝ። ሁለተኛውን ዓይን እኔ አደረግኩ፤ አጠገቤ ቆማ አየችኝ። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ከመያዣዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ እናቷን ግንባራቸውን ሳመች፣ ወደ ሪቻርድሰን ወደ ሥራዋ ሄደች።